ለእትዬ እናኑ የመረጥነው ፒያኖ

ጡረታ ወጥቻለሁ። አትሳቁ! አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገና መግባቴ ነው። ግን ጡረታ ማለት ሠርቶ፣ ደክሞ፣ ዕቃውን ለሌላ አስረክቦ ቤት መግባት ከሆነ እኔም ወጥቻለሁ። አባቴ "የፈተና ዓመት ነው፤ ከእንግዲህ ጣትሽ እስክሪብቶ ብቻ ይያዝ" አሉኝ። እስክሪብቶ ስይዝ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር መጣ፤ መጻፍ ጣፈጠኝ! የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ "ስለ ሥራሽ ትንሽ ጻፊልን" ሲለኝ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላልኝም ብዬ ነበር። አሁን ማን ያቁመኝ?

ሥራዬ ፒያኖ መምረጥ ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ፒያኖ አይቼ አላውቅም። የምመርጠው ላፕቶፕ ውስጥ የሚኖረውን ነው። ላስረዳችሁ። ሚዲ ኪቦርድ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ቁልፍ ያለው መሣሪያ የራሱ ድምፅ የለውም። ስትነኩት "ይቺ ቁልፍ ተነካች፣ ይሄን ያህል በኃይል ተነካች" ብሎ ለላፕቶፑ ያቀብላል፤ በቃ። ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፑ ላይ የተጫነው የፒያኖ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ አንዱ ቀስ ስትሉት ቀስ ይላል፣ ሌላው ብትዳብሱትም ብትደበድቡትም ያው ይጮኻል። የትኛው ለየትኛው ዘፋኝ እንደሚሆን መለየት፣ ከዚያም መጫወት፣ እሱ ነበር እንጀራዬ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ያስፈራል። ቁጭ ብዬ ሳስበው ከሥራ ዘመኔ የተረፈኝ ብዙው ነገር ፍርሃት ነው።

መጀመሪያ የቀጠረኝ ደሳለው ነው። ደሳለው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ፣ በጎን ዘፈን የሚቀዳ ልጅ እግር ሰው ነው። ለወላጆች በዓል ሊቀርፅ ትምህርት ቤታችን መጥቶ የሚኒ ሚዲያውን አሮጌ ኪቦርድ ስነካካ አየኝ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ደመወዝ ያልነው የመንገድ ገንዘብና የሞባይል ካርድ ነበር፤ እሱን እንተወው። የደሳለው የፒያኖ ምርጫ አንድ መለኪያ ብቻ ነበረው፤ ጩኸት።

"ማስተዋል፣ አጩኺው እንጅ! ሰዉ ዳስ ውስጥ እየበላ ነው የሚሰማሽ። የቢላዋ ድምፅ ሊበልጥሽ ነው?"

"ከዚህ በላይ ጨምሬ ጆሯቸውን ልብሳው?"

"ብሺው! ሠርግ ነው፣ ሐኪም ቤት አይደለም።"

ሽንዲ ለአንድ ሠርግ ወስዶኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተጫወትኩ። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ቁልፍ የነካሁት በጥፍሬ ጫፍ ነው። ያ የደሳለው ጯሂ ፒያኖ ግን ሁሉንም እኩል ጮኸው። ማንም ፍርሃቴን አላወቀብኝም። ተመስገን አልኩ። ጥሩ ሶፍትዌር ማለት ገመናዬን የሚሸፍን ነው ብዬ አመንኩ።

ይህን እምነቴን ያፈረሱት ጋሽ አንዳርጌ ናቸው።

ክረምት ላይ ቡሬ አክስቴ ዘንድ ስሄድ ደሳለው "እግረ መንገድሽን እኒያ ሽማግሌ ዘንድ ሥሪ" ብሎ ላከኝ። ጋሽ አንዳርጌ በወጣትነታቸው የኪነት ቡድን ውስጥ ኦርጋን ይጫወቱ የነበሩ፣ አሁን ቡሬ ባላቸው አንዲት ክፍል የገጠሩን ዘፋኝ የሚቀዱ ሰው ናቸው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሚዲ ኪቦርድ ከነእግር ፔዳሉ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ስፒከር፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ ያ ነው ዕቃቸው። ገና ከመግባቴ "እስቲ ተጫወች" አሉኝ። ተጫወትኩ። ስጨርስ ጣቶቼን ያያሉ። እኔ ቁልፎቹን በቀሚሴ ጫፍ እጠርግ ጀመር።

"ልጄ፣ ፈርተሻል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ፍርሃትሽ የታለ? እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ድምፁ ግን እንደ ደላላ ይለፈልፋል። ሌላ ሰው ነው እንዴ የሚጫወትልሽ?"

አፈርኩ። እሳቸው ግን ሳቁ። "ፍርሃትሽን የማይሰማ ፒያኖ ደስታሽንም አይሰማልሽም። በይ ሌላ እንፈልግልሽ" አሉ።

የጋሽ አንዳርጌን ልማድ ተናግሬ አልጨርሰውም። ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው ጣት በጣት ያደርቃሉ። አዲስ ሶፍትዌር ሲከፈት ባርኔጣቸውን አውልቀው የላፕቶፑን ስክሪን ይሸፍኑበታል። "የሚያብረቀርቅ ፒያኖ ሥለው ያሳዩሻል፤ ዐይንሽ ይወድና ጆሮሽን ይደልለዋል" ይላሉ። ከዚያ አንዲት ቁልፍ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ አድርገው ነክተው፣ ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃሉ። ቶሎ ከተቆረጠ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥለው ያችኑ ቁልፍ ደጋግመው ይመታሉ። "ሰው አንድ ቃል ሁለቴ ቢናገር ሁለቱ አንድ አይሆኑም። እነዚህ አንድ ከሆኑብሽ ማሽን ነው።" በመጨረሻ ድምፁን የሚያቆየውን ፔዳል ረግጠው ቀስ እያሉ ይለቁታል። ድምፁ በር እንደተወረወረ ድርግም ካለ አይፈልጉትም፤ እንግዳ ሲሰናበት ወደ ኋላ እያየ እያየ እንደሚሄደው ከሄደ ግን ባርኔጣቸውን ያነሣሉ።

እኔን ደግሞ በሰላምታ ነበር የሚያሠለጥኑኝ። "አሁን በዚያች ቁልፍ አባትሽን ሰላም በያቸው" ይሉኛል። እነካለሁ። "አሁን ደሳለውን።" እነካለሁ። "አሁን የተጣላሽውን ልጅ።" ሳላስበው በኃይል እመታለሁ፤ ይስቃሉ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የንክኪ መስመር የሚባል ነገር አለ፤ እጅ ምን ያህል ሲጫን ድምፁ ምን ያህል እንደሚነሣ የሚወስነው እሱ ነው። እጄ ቀላል ስለሆነ ለእጄ እንዲሆን አድርገው አስተካከሉልኝ። ያን ቀን የራሴን ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ በስፒከር ሰማሁት። ደነገጥኩ፤ ግን እኔው ነበርኩ።

እትዬ እናኑ የመጡት በሁለተኛው ክረምቴ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር የሚኖሩ የሠርግ ዘፈን አውጪ ናቸው። እሳቸው ያወጣሉ፣ ሴቱ ይቀበላል። በዚያ አካባቢ እሳቸው ያልዘፈኑላት ሙሽራ የለችም ይባላል። አንገታቸው ላይ እንቅርት አለ፤ በሻሽ ጠቅልለው ይሸፍኑታል። እብጠቱ ወደ ውስጥ እየገፋ ትንፋሽ ስለከለከላቸው ባሕር ዳር የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ሐኪሙ ደግሞ አልደበቃቸውም፤ የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ድምፃቸው ሊሄድ ይችላል። ልጃቸው ይታይሽ ጥር ላይ ታገባለች።

"የሰውን ልጅ ሁሉ ዘፍኜ ድሬ፣ የራሴ ልጅ ስትወጣ ዲዳ ልሁን?" አሉን። "ቅዱልኝ። ቢተርፍ ይትረፍ፣ ባይተርፍም ድምፄ ሠርጓ ላይ ይኑር።"

ይታይሽ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

አንድ ችግር ነበር። አውጪ ያለ ተቀባይ አይዘፍንም። እሳቸው ሁለት ስንኝ ሲሉ ሴቶቹ "ልጄ ልጄ" ብለው ካልመለሱላቸው ቀጣዩ ከአፋቸው አይወጣም። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ ሴቶቹን ሰብስቦ ቡሬ ማምጣት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ተቀባያቸው ፒያኖ ሊሆን ነው፤ ማለትም እኔ! ዝቅ ሲሉ ዝቅ የሚል፣ ሆድ ሲብሳቸው የማይጮህ ፒያኖ መገኘት አለበት። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ ለአክስቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ብዙ ሶፍትዌር ሞክረን ሁለት ለፍጻሜ ደረሱ። አንደኛው እውነተኛ ፒያኖ ቁልፍ በቁልፍ ተቀድቶ የተሠራ ትልቅ ሶፍትዌር ነው፤ የላፕቶፑን ሆድ ሞልቶት ነበር። ሁለተኛው ምንም የተቀዳ ነገር የሌለው፣ ድምፁን እዚያው በስሌት የሚፈጥር ትንሽ ሶፍትዌር ነው። የሙከራ ስለሆነ አንዳንድ ቁልፎቹ ዝም ይላሉ፣ ትንሽ ቆይቶም ራሱን ይዘጋል። ገዝተን እንዳናስከፍተው ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል። ጋሽ አንዳርጌ ስክሪኑን ሸፍነው ሁለቱንም ፈተኑ። ትልቁ ሲነካ ክፍሉ ውስጥ ሰው የገባ ይመስላል። ትንሹ አንድም ንክኪ ሳይስት ይሰማል፤ ግን ድምፁ ቀጠን ያለ ነው። ተያየን። ሁለታችንም ትልቁን አልን። ስንመርጥ መብራት ነበር።

የቀረጻው ቀን ለእትዬ እናኑ ማዳመጫ ሳደርግላቸው ወዲያው አውልቀው አስቀመጡት።

"ምነው እትዬ?"

"ጆሮዬ ሲደፈን አንገቴ ውስጥ ያለው ነገር ይሰማኛል። ያፏጫል። ፈራሁ ልጄ፣ አታድርጊብኝ።"

ፈሩ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከንፈራቸው አመድ መስሎ ነበር። ማንም አላስገደዳቸውም። የፒያኖውን ድምፅ በስፒከር ከፈትንላቸው። ሊጀምሩ ሲሉ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፣ ስፒከሩና ማይኩም ከጋሽ አንዳርጌ የመኪና ባትሪ ጋር ተያይዘዋል። ቀጠልን።

መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ፦

ልጄን ሸኘሁና ደጃፌን ዘግቼ፣
ተመልሳ እንደሆን አያለሁ ወጥቼ።

እኔም ቀስ ብዬ መለስኩላቸው። እንደዚያ ሲዘፍኑ ሰምታ እንደማታውቅ ይታይሽ ራሷ ኋላ ነግራኛለች። ጥቂት ቆይቶ ግን ፒያኖዬ ውስጥ ጭር፣ ጣ፣ ጭር የሚል ነገር ገባ፤ እሳት ላይ ጨው እንደተበተነ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ያ ትልቅ ሶፍትዌር ደግሞ ጉልበት ይበላል። ጋሽ አንዳርጌን አየኋቸው፤ በእጃቸው "ቀጥይ" አሉኝ። የታያቸው ገብቶኛል። ሚዲ የሚያስቀምጠው የጣቴን ንክኪ ነው፤ ፒያኖው ቢንጫጫ ነገ ያንኑ ንክኪ በሌላ ፒያኖ ማሰማት ይቻላል። የእትዬ እናኑን ድምፅ ግን ማን ይደግመዋል? ቀጠልኩ። እስኪጨርሱ ተቀበልኳቸው። ሲጨርሱ እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

ከዚያ የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ለይተን ከፈትን። ጭር፣ ጣ፣ ጭር። ስፒከሩ የተፋው ሁሉ በማይካቸው ገብቶ ድምፃቸው ላይ ተጣብቋል። ጋሽ አንዳርጌ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያዟዙሩ ጀመር።

"እትዬ፣ ተበላሽቷል" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"የፒያኖው ጫጫታ ድምፅዎ ውስጥ ገብቷል። አይለይም።"

ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። "እንግዲያ ከወዲሁ ሄዷል በይኛ" አሉ ቀስ ብለው።

ይታይሽ ግን አልቻለችም። "እናቴ ትንፋሽ እያጠራት ያወጣችውን! ይኸን ማሽናችሁን ሳትሞክሩት ነው የጠራችሁን?"

ሞክረነው ነበር። መብራት እያለ ሞክረነው ነበር። ይህን ለእሷ ማለት ምን ይጠቅማል? ባሕር ዳር የሚወስዳቸው መኪና በማግስቱ ረፋድ ላይ ይነሣል፤ መንገዱ እስከ መቼ ክፍት እንደሚሆን ደግሞ ማንም አያውቅም። የቀረን ጠዋቱ ብቻ ነው፤ እሱም ድምፃቸው ካደረ።

ያን ከሰዓት የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቀውም። ሽንዲ ላይ የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ ሰው ይስቅብኛል ብዬ። አሁን የሰው ድምፅ እጄ ላይ ሊጠፋ ነው። ላፕቶፑን ጀኔሬተር ያለው ጎረቤት ዘንድ ወስጄ ቻርጅ አስደረግኩና ትንሹን ሶፍትዌር ከፈትኩ። ሶኬቱን ነቅዬ በባትሪ ብቻ ተጫወትኩበት። አልተንጫጫም! ዝም የሚሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ነካኋቸው፤ ሁሉም ጥቁሮቹ ላይ ናቸው። የእትዬ እናኑ ዘፈን በትዝታ ቅኝት ነው፤ ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አምስቱም ነጭ ቁልፍ ላይ ይገኛሉ! ብቻዬን ዘለልኩ። ከዚያ የተበላሸውን ቅጂ ከፍቼ ሳመሳክር ዝላዬ ቆመ። የእሳቸው ድምፅ የሚነሣው ነጩ ቁልፍ ላይ አይደለም፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ በሁለት ቁልፎች መካከል ነው።

ጋሽ አንዳርጌ በር ላይ ቆመው ይሰሙኝ ነበር።

"ጋሼ፣ እሳቸው ትንሽ ከፍ ይበሉልን?"

"በዚያ አንገት? ፒያኖው ይውረድላቸው እንጅ።"

ፈልጌ አገኘሁት። ትንሹ ሶፍትዌር ሙሉውን ፒያኖ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ነበረው። እሳቸው እስከሚቆሙበት ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አወረድኩት። ጋሽ አንዳርጌ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሦስቱንም ፈተና በባትሪ ደገሙ። ቅጥነቱን አልወደዱለትም። ግን "ይሰማል" አሉ።

በማግስቱ እትዬ እናኑ ጎርነን ባለ ድምፅ ገቡ። ማዳመጫውን ገና ሲያዩት "እንቢ" አሉ። እኔ ግን ሲዘፍኑ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ እንደሚደግፉ አይቼ ነበር፤ አውጪ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። የስልኬን ትንሿን ኢርፎን ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ አንዷን ጫፍ ለራሴ ያዝኩ፣ ሌላዋን መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጥኩላቸው።

"ጆሮዎ ውስጥ አይገባም እትዬ። እንደ ልማድዎ ደገፍ ብቻ ያድርጉት። ሌላው ጆሮዎ ክፍት ነው።"

መዳፋቸውን አተኩረው አዩት። "አንቺ እዚህ ውስጥ ነሽ?"

"እዚያ ነኝ።"

"እንግዲያ አትጩኺብኝ።"

ስፒከሩን ዘጋነው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ሆነ፤ የእኔ መልስ መዳፋቸው ውስጥ ነው። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ሶፍትዌሩ ራሱን የሚዘጋበት ጊዜ እየቀረበ ነው። ድምፃቸው ተሰነጠቀ፣ ተመለሰ። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ፤ ይታይሽ ልትነሣ ስትል ጋሽ አንዳርጌ ያዟት። እኔ ያችኑ አንዲት ቁልፍ ቀስ እያልኩ ደጋገምኩ፤ ጣቴ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ይሰማል። ጠበቅኳቸው። በዚያች ቁልፍ ላይ ተመርኩዘው እንደገና ተነሡ፤ ጨረሱት። የመጀመሪያውን አላከለም። ግን ንጹሕ ነበር፤ የእሳቸው ድምፅ ለብቻው፣ የእኔ ፒያኖ ለብቻው።

አሁን ዘወር ብዬ ሳየው የመጨረሻው ትልቅ ሥራዬ የይታይሽ የጥር ሠርግ ነው። ቀዶ ሕክምናው እንቅርቱን አንሥቶላቸዋል፤ ትንፋሻቸው ተመልሷል። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት፤ ሐኪሙም ይመለሳል ብሎ ቃል አልገባላቸውም። ደሳለው ካሜራውን፣ እኔ ላፕቶፑን ይዘን እቤታቸው ሄድን። ከዳሱ ጀርባ ጀኔሬተር ይንደቀደቃል። ይታይሽ ልትወጣ ስትል በዐይናቸው ጠቀሱኝ፤ ከፈትኩት።

የእትዬ እናኑ ድምፅ ዳሱን ሞላው። ሴቶቹ ባንዴ ጸጥ አሉ። ፒያኖዬ ቀስ ብሎ መለሰ። ሁለት ስንኝ ቀጠለ፤ ፒያኖው መለሰ። የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ፤ ከዚያ ሌላዋ። በቁም ያሉ ሴት ለቅሶ የተጀመረላቸው መሰለ። እትዬ እናኑ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ይህን ያያሉ። ይታይሽ በቬሏ ውስጥ ፊቷ ተለዋውጧል።

ደሳለው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "አጥፊው ማስተዋል። ሠርጉ ሐዘን ሊሆን ነው።"

እውነቱን ነበር። ባጠፋው ድምፃቸው ለሁለተኛ ጊዜ በእጄ ሊጠፋ ነው። ብተወው ደግሞ ልጅቷ በለቅሶ ልትወጣ ነው።

አላጠፋሁትም። ፒያኖውን ብቻ ዘጋሁት።

የሚቀጥለው ስንኝ አለቀ፤ መልሱ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ። ያ ባዶ ቦታ እንዴት እንደረዘመብኝ! ጀኔሬተሩ ብቻ ይሰማል። ድምፃቸው ተመልሶ መጣ፣ ሁለት ስንኝ አለ፣ እንደገና ባዶ። አውጪ አውጥታ ተቀባይ ሲጠፋ ነውር ነው እኮ! ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ አንዲቷ በፈራ ድምፅ "ልጄ ልጄ" አለች። በቀጣዩ ባዶ ቦታ ሦስት አራት ሆኑ። በሚቀጥለው ዳሱ በሙሉ "ልጄ ልጄ!" ሲል ጭብጨባው ተነሣ፣ እልልታው ቀለጠ፤ ያለቀሱት አሮጊት ነጠላቸውን አገልድመው ትከሻቸውን ይሰብቁ ጀመር። ያ ሁሉ የመረጥነው፣ የፈተንነው፣ ያወረድነው ፒያኖ ላፕቶፑ ውስጥ ዝም ብሎ ቀረ።

እትዬ እናኑ በሰዉ መካከል አልፈው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጭብጨባውን በመዳፋቸው እየመሩ ከንፈራቸው ከራሳቸው ድምፅ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ዘፈኑ ሲያበቃ ጎንበስ አሉ። ያን ሹክሹክታ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል እንዴት እንደሰማሁት አላውቅም።

"ድገሚው" አሉኝ። "አንቺም ተቀበይኝ እንጅ። በአፍሽ።"

ደገምኩት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ተቀበልኳቸው።